የፊቴ ግምገማ

ሌባ በእጁ ይያዛል፣ በዱካው ይያዛል፣ በምላሱም ይያዛል። በጉንጩ የተያዘ ሌባ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ያውም ሳልሰርቅ! ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄ ይመጣል።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። ያኔ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ላልነበረ ሰው ባጭሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ በየጊዜው አዳራሽ ይሰበሰብና አንዱ ሌላውን እያስነሣ «ድክመትህ ይህ ነው፣ ጥፋትህ ያ ነው» የሚባባልበት ስብሰባ ነው። ሌላው ሲነቅፍህ ሂስ ይባላል፤ ራስህ ተነሥተህ ራስህን ስትነቅፍ ግለሂስ ይባላል። እኔ በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ የእርዳታ እህልና ዘይት የሚቀመጥበት የአንድ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት እወርዳለሁ፤ ማታ ሹራቤን ደርቤ ወደ ብርዱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ አሠቃይቶኛል። ደም ያስቀምጠኝ ነበር። ዛሬ እንዲህ በቀላሉ ጻፍኩት እንጂ ያኔ ይቺን ነገር ለእናቴ ለመናገር እንኳ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። በእኛ አገር ራስህን ቢያምህ አሳቢ ነህ፣ ወገብህን ቢያምህ ሠራተኛ ነህ፤ እዚያ ታች የሚያም ነገር ግን ባለቤቱን አንገት ያስደፋል። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሆዴን ትንሽ ቆረጥ ያደርገኛል» ነበር የምለው። ሰው ሁሉ ደግሞ ሐኪም ነው! አንዱ አሜባ ነው ይለኛል፣ አንዱ ፌጦ በሎሚ ይለኛል፣ አንዲት ጎረቤታችን ነጭ ሽንኩርት በማር ይዛ መጥታ ካልዋጥክ አልሄድም ብላ ደጃችን ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ዋጥኩ። ምንም ጠብ ያለ ነገር የለም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ተልኬ በመሣሪያ ታየሁና አንጀቴ ቆስሎ ተገኘ። አሜባም አይደለም፣ ሌላ ተውሳክም አይደለም።

«የገዛ ሰውነትህ የገዛ አንጀትህን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየተዋጋው ነው» አለኝ ደሴ ስመለስ ክትትሌን የያዘው ሐኪም። ገና ወጣት፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማይገባው ሰው ነው።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ በቀን ሁለቴ እጣላለሁ።

ሁለት መድኃኒት አዘዘልኝ። አንዷ ወፈር ያለች ቢጫ ክኒን ናት፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የምትዋጥ። «ሽንትህን ብርቱካን ታስመስለዋለች፣ እንዳትደነግጥ» አለኝ። ደነገጥኩ። ሁለተኛዋ ትንሽ ነጭ ክኒን ናት፤ ስሟ ፕሬድኒሶሎን። ጣቱን ቀስሮ ያስጠነቀቀኝ ስለ እሷ ነው።

«ይቺ የአንጀትህን ብግነት የምታበርድ ናት። ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ በልተህ ነው የምትውጣት። ከፍ አድርገን እንጀምራለን፤ ደሙ ሲቆም እኔ በማዝህ ልክ ትንሽ በትንሽ እየቀነስን እንወርዳለን። በራስህ ሥልጣን ድንገት አታቆማትም! ሰውነትህ የእሷን ዓይነት ነገር ራሱ ይሠራ ነበር፤ ከውጭ ስትመጣለት መሥራቱን ይተዋል። ድንገት ስትቀርበት ባዶ እጁን ይቀራል፣ አንተም ትወድቃለህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ይርብሃል፣ እንቅልፍ ትነሳሃለች፣ ብስጩ ታደርግሃለች፣ ፊትህም ያብጣል። መጠኗ ሲቀንስ ይኼም ይቀንሳል።»

«ይበጥ እንጂ ዶክተር!» አልኩት። ያኔ ጉንጬ ገብቶ፣ ሱሪዬን በገመድ ነበር የማስረው። ማበጥ ምኞቴ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ደሙ ቆመ። ሽንት ቤት ቁጢጥ እንዳልኩ ዝቅ ብዬ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ እንባዬ መጣ። እዚያ ቤት ውስጥ የአላህ ስም አይጠራም፤ ሱሪዬን እየያዝኩ ሮጬ ወጥቼ ግቢው መሐል ላይ «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ከጓዳ ደንግጣ ወጣች። ምን እንደሆነ ስነግራት እልል አለች፤ ጎረቤት ደግሞ እልልታውን ሰምቶ ሚስት ያጨሁ መስሎት መጣ።

ፊቴ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቀስ እያለ ሞላ፣ ሞላ፣ ከዚያ ክብ ሆነ። አገጬ የት እንደገባ አላውቅም። ዓይኖቼ ጠበቡ። እጅና እግሬ ያው የድሮው እንጨት ነው፤ ፊቴ ብቻ የሌላ ሰው፣ የአንድ የጠገበ ነጋዴ ፊት ሆኖ አንገቴ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «እንዴት አማረበት!» ያለ ሁሉ ላይ «ማሻ አላህ በሉ! ማሻ አላህ ሳትሉ ልጄን አትዩብኝ!» ትላለች። ድሮ «አንተ ቀጫጫ፣ ከኋላ ተጣበቅ» ይለኝ የነበረ የሚኒባስ ረዳት «አለቃ፣ ጋቢና ይግቡ» ማለት ጀመረ። እኔም ገባሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

ረሃቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቁርሴን በልቼ፣ ሐረጎ ላይ ዳቦ በልቼ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ እርባለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የሁለት ሰው ምግብ አዝዤ ብቻዬን ጠርጌ እበላለሁ። ሰው ሲያየኝ እበሳጫለሁ። ሰው ሳያየኝም እበሳጫለሁ። አንድ ቀን በር በኃይል ዘጋህ ብዬ ከንፋስ ጋር የተጣላሁ ሰው ነኝ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ የግምገማው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ያህል ነን። መድረኩን የሚመሩት የአስተዳደር ኃላፊው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ የተጠጋ፣ ኮስታራ፣ ሰው ሲገመግሙ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው። ዝቅ ሲያደርጉ ነው የሚያስፈሩት። ጸሐፊያችን ከጎናቸው ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

«እኔ የማቀርበው ሂስ» አሉ ኃላፊው፣ «የመጋዘን ኃላፊያችንን ፊት ይመለከታል።»

አርባ ሰው ዞሮ ፊቴን አየ።

«የዚህ ልጅ ደመወዝ ያው ነው። ዕድገት አላገኘም፣ ውርስ አልደረሰውም። ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ፊት ሁላችንም እናስታውሳለን። የዛሬውን ደግሞ ይኸው እያየነው ነው። ያለበት ቦታ ዘይት ነው፣ ዱቄት ነው። ቤቱ ይፍረድ።»

«መጋዘኑ ባለፈው ሳምንት ተቆጥሮ አንዲት ጣሳ አልጎደለም እኮ!» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

«አሳሳቢው እሱ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምንም ሳይጎድል እንዲህ መወፈር የረቀቀ አካሄድ መኖሩን ነው የሚያሳየው።»

ወይ ጉድ! አንዱ ተነሣና «ምሳ ላይ የሁለት ሰው ብቻውን ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። እውነት ነው። ሌላው ተነሣና «ስንጠይቀው ይቆጣል፤ የሚቆጣ ደግሞ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው» አለ። እሱም እውነት ነው። የምደብቀው ነገር ነበረኝ፤ ብቻ እነሱ ያሰቡት አልነበረም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃኝ። «አሞኝ ነው፣ ደም እያስቀመጠኝ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ብል ነገሩ ያልቃል። ግን ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ታየኛለች። ይቺን ልጅ በልቤ ይዣታለሁ፤ እናቴም በሰው በሰው ወገኗን ማጠያየቅ ጀምራለች። ታዲያ በእሷ እጅ፣ በእሷ ጽሕፈት፣ በሁለት ቅጂ «የመጋዘን ኃላፊው ደም ያስቀምጠዋል» ተብሎ ይጻፍ? ሌባ መባልና ደም ያስቀምጠዋል መባል ፊቴ ቀርበውልኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሌባን መረጥኩ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ውሳኔ ተሰጠ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ግለሂሴን አዘጋጅቼ ካልቀረብኩ ከመጋዘኑ ተነሥቼ ነገሬ ወደ በላይ አካል እንዲሄድ።

ያን ቀን ወደ ደሴ ስወጣ ጋቢና ተቀምጬ በመኪናው መስታወት ፊቴን አየሁት፤ ጠላሁት። ያን ጊዜ ነው የሞኝ ሐሳብ የመጣልኝ። ግለሂስ ምን ያደርጋል? ማስረጃቸው ፊቴ ነው። ፊቴ በአሥራ አምስት ቀን ከቀጠነ ክሱ በገዛ ራሱ ይወድቃል። ፊቴን ያሳበጠችው ማን ናት? ያቺ ትንሿ ነጭ። ደሙ እንደሆነ ቆሟል፣ ድኛለሁ፣ የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? የሐኪሙ ጣት ትዝ አለኝ፤ ዓይኔን ከመስታወቱ መለስ አድርጌ ረሳሁት።

ችግሩ እናቴ ናት። ጠዋት ቁርሴን አብልታ፣ ክኒኖቹን በመዳፏ ይዛ፣ ስውጥ ካላየች ከቤት አትለቀኝም። ቢጫዋን እውጣለሁ፤ ነጮቹን ከምላሴ ሥር አስቀምጬ፣ «አፍህን ክፈት» ስትለኝ ከፍቼ፣ ደጅ ስወጣ መሐረብ ውስጥ እተፋቸዋለሁ። የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ፣ የመንግሥት መጋዘን ቁልፍ በእጄ ነው፣ ከእናቴ ክኒን እሰርቃለሁ። በሕይወቴ የሰረቅኩት እሱን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ደከመኝ። በአምስተኛው ቀን ጉልበቴን፣ ትከሻዬን፣ ያለኝን መገጣጠሚያ ሁሉ ሰበረኝ፤ ምግብ አስጠላኝ፤ ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። ፊቴ ግን ንቅንቅ አላለም! በሰባተኛው ቀን ደሙ ተመለሰ። አሁንም «ስምንት ቀን ብቻ ቀረኝ» እያልኩ ለራሴ አብሽር እላለሁ። በዘጠነኛው ጠዋት ሐረጎን ስንወርድ መንገዱ የሚጠማዘዘው ይሁን ጭንቅላቴ መለየት አቃተኝ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ወረድኩ፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ ምድር ወደ እኔ መጣች።

የያዙኝ ዘበኛችን ናቸው። ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው፣ ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ። «ያ ረቢ! መኪና አውጡ!» ብለው ሲጮኹ ይሰማኛል። በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ጭነው፣ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ደሴ ያወጡኝ ጀመር። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ መኪናውን አስቆምኩ። ሦስቱንም ጊዜ በብብቴ ይዘው ቁጥቋጦ ኋላ ወስደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በጋቢያቸው ከመንገድ ጋርደውኛል። ሾፌሩ ምንድነው ብሎ ቢጠይቅ «ንፋስ ፈልጎ ነው» ይሉታል።

«አባባ» አልኳቸው፣ «አወቁብኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ካወቅኩ ዓመት አለፈኝ። የሽንት ቤቱ ቁልፍ እኮ እኔ ዘንድ ነው።»

«ታዲያ ግምገማው ላይ ለምን አልተናገሩልኝም?»

«ገመናህ ነዋ። የሰው ገመና የሚገለጠው በባለቤቱ ነው።»

ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ መድኃኒቱንም በመርፌ ሰጡኝ። ትንሽ ነፍስ ስዘራ መጥቶ ከበላዬ ቆመ።

«መድኃኒቱን ማን ነው ያስቆመህ?»

«ግምገማ ላይ…»

«ግምገማ የሚባል ሐኪም እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የለም!» ብሎ ጮኸብኝ። «አንጀትህን እንደገና አነደድከው። እሱ ይቅር፣ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ በሕይወት የሚያቆይህ የደም ግፊት አይኖርህም ነበር። በስንት ቀን አቆምክ?»

«በአንድ ቀን።»

«በአንድ ቀን! እኔ በሁለት ወር ቀስ ብዬ ላወርድህ ያሰብኩትን!» ከዚያ ድምፁ ለዘብ አለ። «ፊትህ እንዲቀንስ ፈልገህ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም? እናወራበት ነበር። መላ አለው።» በእውነት ያፈርኩት ያኔ ነው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መሐረቡን፣ ከምላሴ ሥር የነበረውን፣ ሌባ መባሌን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሌባ ብለው ቢያስሩህ ስንቅ አመላልስልህ ነበር» አለች። «ሰው ቢሰድብህ እሰማልህ ነበር። ጥሩ ስም ያለው ሬሳ ምን ያደርግልኛል? ንገረኝ፣ ምን ያደርግልኛል? ቅሬው፣ እድርተኛው ሁሉ ቀብሮህ፣ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። የምቀረው እኔ ነኝ።» ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከጎኔ የተኛው የገራዶ ገበሬ ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮን አለቀሰ።

ሐኪሙ ስወጣ የምስክር ወረቀት ጻፈልኝ። እፎይ አልኩ፤ ወረቀቱን አስረክቤ አፌን ሳልከፍት እገላገላለሁ ብዬ ነበር። አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ያንኑ ያበጠ ፊቴን ተሸክሜ አዳራሹ ገባሁ። ወረቀቱን ሰጠሁ። ኃላፊው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በሐኪም እጅ ጽሕፈት። ለጎናቸው ሰጡ። እሱም ለጎኑ። ወረቀቱ አርባ ሰው ዞሮ ሲያልቅ አንዱ «የሞተር ስም ነው የሚመስለው» አለ።

«በአማርኛ ይብራራልን» አሉ ኃላፊው።

ተነሣሁ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንሥታለች። የእናቴ ሻርፕ ታየኝ።

«ደም ያስቀምጠኛል» አልኩ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንጀቴ ቆስሏል። ፊቴን ያሳበጠው መድኃኒቱ ነው። ሌባ ከምባል ብዬ መድኃኒቱን ባቆም ልሞት ነበር። ግለሂሴ ይኸው ነው፤ ጥፋቴ ማፈሬ ነው።»

ከዚያ አንዱ ግምገማ የለመደ አፉን መግታት አቅቶት «ለግልጽነት ያህል፣ በቀን ስንት ጊዜ?» አለ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ ከኋላ የአባባ ድምፅ መጣ። «ባለቤቱ ከገለጠውማ እኔም እመሰክራለሁ! በክፉ ቀኑ እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ቁልፍ ወስዶብኛል። ወላሂ፣ ይኼ ልጅ ለመስረቅ የሚሆን ጊዜ የለውም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ጉንጬ ዓይኔን ደፈነው፣ እሱን አይተው እንደገና ሳቁ። ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት «ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለች። አንዱ «የሆድ ሕመም በይው» አላት። ያቺ ነጭ ክኒን በደሜ ውስጥ ነበረችና «እንደተናገርኩት ጻፊው!» ብዬ ጮህኩ። ጻፈችው። ከዚያም፣ ግምገማ ያለ ውሳኔ አይዘጋምና፣ እጅ ወጥቶ ድምፅ ተሰጠ፤ የመጋዘን ኃላፊው ሐኪም ሳያዝለት መድኃኒቱን ከእንግዲህ እንዳያቋርጥ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዓለም ላይ መድኃኒቱን በሙሉ ድምፅ የሚውጥ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት ስገባ ያገኘኝ ሁሉ «ዋጥክ? ቁርስ በልተህ ነው?» ይለኛል፤ ያልመለስኩለት ይቆጣል።

ጸሐፊዋን በተመለከተ፣ ለካ ቀድሞውኑ ለአንድ የኩታበር ሰው የታጨች ኖራለች። ሠርጓ ላይ ጠርታኝ ሄጃለሁ። ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ሁሉ መሐረብ፣ ለማን ነበር?

ከስብሰባው በአራተኛው ቀን አስተዳደር ኃላፊው መጋዘን መጡ። ብቻቸውን። በሩን ከኋላቸው መለስ አደረጉት። ሌላ ክስ መጣ ብዬ ወገቤን ያዝኩ፤ ያን ቀን አዳራሹ ሲስቅ ከአርባው ሰው ያልሳቁት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ትዝ አለኝ። ዘይቱን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ።

«ያ… ያልከው ነገር» አሉ። «ቀለሙ ጥቁር ሊሆን ይችላል?»

«ምኑ?»

«አንተ የተናገርከው ነገር ነዋ! እንደ ሬንጅ ጥቁር ቢሆንስ?»

መጀመሪያ የሚሳለቁብኝ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ አመድ ነው። ቁጭ አደረግኳቸው። ወገባቸውን አሟቸው አራት ወር ሙሉ ከመድኃኒት ቤት ራሳቸው እየገዙ የሕመም ማስታገሻ ሲውጡ ኖረዋል፣ ዲክሎፌናክ፣ አንዳንዴ በቀን ሦስቴ። ወሩ ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ክኒኑን ግን በባዶ ሆዳቸው ይውጣሉ። ደረጃ ሲወጡ ልባቸው ይመታል። ዓይናቸው ይጨልማል።

«ለባለቤትዎ ነግረዋል?»

«አበድክ እንዴ!»

ሐኪሙ ለእኔ አጥብቆ የከለከለኝ የመድኃኒት ዓይነት እሱ ነበር፤ ጨጓራንም አንጀትንም ያደማል፣ ከጨጓራ የሚወርድ ደም ደግሞ ጠቁሮ ነው የሚወጣው ብሎኛል። መጋዘኑን ቆልፌ «ተነሡ» አልኳቸው። ሳይከራከሩ ተነሡ። እሳቸው ሳይከራከሩ ሲነሡ አይቼ አላውቅም።

ሐረጎን ስንወጣ እሳቸው በመስኮቱ ገደሉን ያያሉ። እኔ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ በልቤ ሒሳብ እያወራረድኩ ነበር። ይኼ ሰው አርባ ሰው ፊት አስነሥቶ ፊቴን አስገምግሞብኛል። አሁን እሱ ይነሣ። አሁን እሱ ይናገር፣ እኔ ቁጭ ብዬ ልስማ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ እያልኩ ነው ደሴ የገባሁት።

ሐኪሙ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ሐኪሙ እኔን አየና «ደግሞ ምን አቆምክ?» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው።»

ወደ እሳቸው ዞረ። «ምን ሆኑ አባት?»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመጀመሪያ ደረጃ…» አሉ። ቆሙ። «ያለው ሁኔታ ሲታይ…» አሉ። እንደገና ቆሙ። በሕይወታቸው ስንቱን ሰው ያስነሡ፣ ስንቱን ያናገሩ፣ ስንቱን ያስለቀሱ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታቸው። ከጠረጴዛው ሥር የሸሚዜን እጅጌ እንደያዙኝ ያወቅኩት ሲጎትቱኝ ነው። አዩኝ። እንደዚያ ዓይን የሚያየኝን ሰው መበቀል አልቻልኩም።

«ደም ያስቀምጣቸዋል» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሐኪሙ፣ ብዕሩን አንሥቶ።

«ከገና ጀምሮ» አሉ ኃላፊው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። እጅጌዬን ሳይለቁ ማልቀስ ጀመሩ።